ሱዙኪዬን ላዳኑልኝ የኮምቦልቻው መካኒክ፦ ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደሴም የኮምቦልቻም ወገኖቼ።

ዛሬ ጠዋት 180 ሊትር ወተት ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ወረድኩ። ለደንበኞቼ አድርሼ፣ ባዶ ጀሪካኖቼን ሰብስቤ፣ ያንኑ ሐረጎን ወጣሁ። የትም አልቆምኩም። ጥቁር ጭስ አላየሁም፣ ከኋላዬ ጡሩምባ የነፋብኝ የለም፣ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ እሺ አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ቁልፉን ስነቅል እንባዬ መጣ። ለሌላው ሰው ይህ ተራ ጠዋት ነው። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ጠዋት ናፍቆኝ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በሰው ፊት ካላቀረብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የማመሰግናቸው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ታፔላ በሌለው በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ የሚሰሩ አንድ መካኒክ ናቸው። ስማቸውንም ስልካቸውንም እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ «ሰው በሰው ይምጣ፣ ብዙ ከመጣ በደንብ አልሰራለትም» ነው ያሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። የምር የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ በር ድረስ እመራዋለሁ። እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ መኪናዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ሱዙኪ ሳሙራይ ናት፣ ከኋላ ክፍት የሆነችው የጭነቷ። ጅዳ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሰርቼ ነው የገዛኋት። ከቦሩ ሜዳ ገበሬዎች ወተት እሰበስብባታለሁ፣ ደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ አካባቢ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ፣ ቀሪውን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እናቴም፣ ታናሽ ወንድሜም፣ እኔም የምንበላው ከእሷ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ነዳጅ አልነበራትም። ግቢ ውስጥ ጥለናት እናቴን ደግፈን በእግራችን ወጣን። ታህሳስ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ሞተሯ ተፈቶ ተወስዷል። እናቴ ባዶውን ቦታ አይታ «ቤታችን ቆሟል፣ እኛም ቆመናል፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግን ያቺን ባዶ ኮፈን ዓመታት አልረሳኋትም። ወተቱን በባጃጅ እያመላለስኩ፣ የማገኘው ግማሹ ለባጃጅ እየሄደ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ጨምሬ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞተር አስመጣሁ። የድሮው ሞተር 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር ነበር፤ ካርቡሬተር ያለ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ ነው። አዲሱ ቪታራ ከምትባለው ሌላዋ ሱዙኪ የወጣ 1.6 ሊትር ነው፣ ኢንጄክሽን የሚሉት፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ ዓይነት፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው። ሻጩ «ከድሮው ይበረታል፣ ዳገት ላይ ትወጂዋለሽ» ብሎኝ ነበር። እንዳላታለለኝ ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ምክንያቱም ችግሩ የጀመረው ሞተሩ ከገባ በኋላ ነው።

የገጠሙልኝ ሰዎች «አልቋል» ብለው ቁልፉን ሲሰጡኝ ሞተሩ ተነሳ፣ ተደሰትኩ፣ ገንዘቡን ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ጥቁር ጭስ መልቀቅ ጀመረች። ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ መስራት፣ አልይዝ አለች፣ መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። የቤንዚኑ ሽታ ልብሴ ላይ ያድራል፤ አንድ የካፌ ባለቤት ወተቱ ራሱ ሸተተኝ ብላ መለሰችልኝ። ከቦሩ ሜዳ ኮምቦልቻ ደርሳ ለመመለስ 14 ሊትር ትጠጣለች። ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ፣ ሲጠፋም በጀሪካን ከመንገድ ዳር በስንት እንደምንገዛ ደሴ ያለ ሰው ያውቀዋል። እየሰራሁ የምከስረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስመልሳት «ሞተሩ ነው፣ አሮጌ ነው የሸጡልሽ» አሉኝ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ ያለው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ ያለውን ነገር እንደ ካርቡሬተር ፈታታው፣ አጠበው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ አላላ፣ እንደገና አጠበቀ። ሦስት ቀን ቆየች። ስትወጣ ባሰባት። ሌላኛው ጋ ስሄድ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ተባልኩ፤ ተበድሬ ሌላ ኮምፒውተር ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። አራተኛው ቦታ ደግሞ «ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም፣ ሁሉንም ነቅለን ካርቡሬተር እንግጠምልሽ» አሉኝና ዋጋውን ሲነግሩኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ሲደመር ከ38,000 ብር በላይ አውጥቻለሁ። ይህ የሞተሩ ዋጋ ሳይጨመር ነው።

ገንዘቡ ይምጣ ይሂድ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። አንዳቸውም እኔን አላናገሩኝም። መኪናዋን የምነዳት እኔ፣ የት ላይ እንደምትታፈን የማውቀው እኔ፣ የምከፍለው እኔ። ልናገር ስጀምር ግን ዓይናቸው ወንድሜ ላይ ነው። ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። አንዱ ጋራዥ ውስጥ «ባል ካለሽ እሱን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንግባባለን» የተባልኩበትን ቀን አልረሳውም። አፍሬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ ረመዳን መጣ። ዘንድሮ ሁዳዴም ረመዳንም አንድ ላይ ስለነበሩ ካፌዎቹ ወተት ቀንሰውብኝ ተስፋዬ ሁሉ ለማፍጠሪያ ወተት የሚወስዱ ደንበኞቼ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለኮምቦልቻ ደንበኞቼ አድርሼ፣ ለደሴ የቀረውን ወተት ይዤ ሐረጎን ስወጣ መሃል ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ሳስነሳት ትስላለች፣ ትጠፋለች። ጸሐይ ጠለቀች፣ አዛን ተሰማ፣ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ቴምርና ውሃ ሰጥቶኝ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አፈጠርኩ። አላህ ይስጠው፣ ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ያላደረስኩት ወተት ኋላ ላይ ረጋ። ያን ሌሊት መኪናዋን ልሸጣት ወሰንኩ።

የጋሼን ነገር የነገረችኝ ኮምቦልቻ ያለች ደንበኛዬ ናት። ልሰናበታት ስደውልላት «እስቲ አንድ ቀን ታገሺ፣ አንድ ሽማግሌ አሉ» አለችኝ። ተስፋ ኖሮኝ አልሄድኩም። ደግ ሰው ስለሆነች ላለማሳፈር ነው የሄድኩት።

ግቢው ውስጥ ስገባ ጋሼ ሻይ እየጠጡ ነበር። ቁልፉን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። በርጩማ ሳቡልኝ። «ቁጭ በይ እቴ፣ መጀመሪያ ንገሪኝ» አሉኝ።

እኔም ነገርኳቸው። ከጥቅምት 2014 ጀምሬ ነገርኳቸው፣ ጅዳን ሁሉ ጨምሬ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ነበር። ጠዋት በብርዱ ስትነሳ ነው የምትሻለው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ደሴ ላይ ነው የሚብስባት ወይስ ኮምቦልቻ? ጭሱ ስትቆሚ ነው ስትረግጪ? ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያላት ቢጫ መብራት ቁልፉን ስታዞሪ ትበራለች? እኔ ሁሉንም አውቀው ነበር! ስምንት ወር ሙሉ መልሱ ውስጤ ነበር፣ የሚጠይቀኝ ነው የጠፋው። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለች ደህና ናት፣ ከሞቀች በኋላ ነው የምትታፈነው። ቢጫ መብራት ግን አይቼ አላውቅም አልኳቸው።

ዳሽቦርዱን ፈቱት። የመብራቱ አምፖል ተነቅሎ ወጥቷል። ያቺ መብራት ሞተሩ ሲታመም የምትናገር ናት፤ የቀድሞዎቹ መካኒኮች እንዳልጨቀጭቃቸው አፏን ዘግተዋታል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ማንንም አልሰደቡም። ከመሳቢያቸው አንዲት አምፖል አውጥተው ተኩ። «አሁን ትንገረን» አሉ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ኮፈኑ ስር ካለች ትንሽ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኙና እኔን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «ቁልፉን አዙሪ፣ አታስነሺ፣ መብራቷን ቁጠሪልኝ» አሉኝ። አንድ ጊዜ ብልጭ። ትንሽ ቆም። አራት ጊዜ ብልጭ። እንደገና አንድ፣ እንደገና አራት። በደስታ ጮህኩ፤ «ጋሼ፣ አንድና አራት!» እሳቸው የካርቶን ቁራጭ ላይ 14 ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት አያውቅም ማለት ነው አሉኝ። ሙቀቱን የምትነግረው ሴንሰር ሽቦዋ ሲቀጠል ተሳስቷል፣ በፕላስተር የተጠቀለለው ውስጥ ተበጥሷል። «የሚነግረው ሲያጣ በግምት ነው የሚያጠጣት» አሉ። ኮምፒውተሩ ራሱ ደህና ነበር። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተበድሬ የገዛሁትን «መልሰሽ ሽጪው» ብለውኛል።

ሌላውን መብራቷም አልተናገረችም፣ እጃቸው ነው ያገኘው። ከእርሳስ የማይወፍር የላስቲክ ቱቦ ነው። ጎኑ ላይ በጥፍር ካልነካኸው የማይታይ ስንጥቅ አለው። ከአንድ ሴንሰር ጋር የተያያዘ ነው፤ የሴንሰሩን ስም ነግረውኝ ነበር፣ ጠፋኝ። የገባኝን ልንገራችሁ፦ ሞተሩ የአየሩን ግፊት የሚያውቀው በዚያ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲያፈስ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ይዤ ዳገት ላይ ያለሁ ይመስለዋል፣ ነዳጁን ይለቀዋል። ጭሱም፣ ሽታውም፣ 14 ሊትሩም ከዚያ ነው። የቱቦው ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። እግዚኦ! ለዚያ ነው ሁሉንም ነቅለን እንጣል የተባልኩት።

የሁለተኛው ጋራዥ ሰው ያዞራት ብሎን ከፋብሪካ ስትወጣ የተስተካከለች፣ መነካት የሌለባት ናት አሉኝ። እሷን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ጥቂት ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ መልሰው ያዞራሉ። የነዳጅ ፊልትሮውም ዝገት ሞልቶት ወጣ፣ ተቀየረ። ካንዴላዎቹ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት፣ እንደ ከሰል ጠቁረው ነበር፤ አውጥተው አሳዩኝ፣ አዲስ ገጠሙ።

ከዚያ «መኪናዋ እዚህ ትደር» አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ በሞቀ ሞተር የተስተካከለ ነገር ጠዋት ብርድ ላይ ይዋሻል፣ እኔ እራሴ ከፈጅር በኋላ ቀዝቃዛዋን አስነስቼ ማየት አለብኝ አሉ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሞተሩ ሲሞቅ አስነስተው «ይኸው ሰራች» ብለው ነው የሚሸኙኝ።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ስደርስ ጋሼ ከቧንቧ ውሃ እየቀዱ ነበር። ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አንድ በአንድ ተሸክመው ከመኪናዬ ኋላ ይጭናሉ። በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው፣ ወገባቸውን እየደገፉ። «ጋሼ ምን እየሰሩ ነው?» ስላቸው፣ «ወተትሽ ስንት ሊትር ነው ያልሺኝ? 180 አይደል? ባዶዋን ብሞክራት ምን ይጠቅምሻል፣ አንቺ ባዶ አትነጂ» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። እንዲያው በወሬ መሃል አንድ ጊዜ የጣልኳትን ቁጥር ይዘው አድረዋል። ልረዳቸው ስሄድ ሁለቱን ብቻ ነው ያሸከሙኝ።

«አብሽሪ፣ አንቺ ንጂ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ» አሉና ገቡ። ሐረጎን ተያያዝነው።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው፣ ከፍታቸው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ጋሼ መንገድ ላይ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ደሴ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ከባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ሞተርም እንደ ሰው ነው ትንፋሽ ያጥረዋል። ካርቡሬተር ቢሆን ኮምቦልቻ ላይ ያስተካከልሽው ደሴ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ይሄኛው ግን አየሩን እየለካ ራሱ የሚቀንስ ነው። «ለወሎ መንገድ እንዲያውም የሚሆነው ይሄ ነው፣ ዓይኑን አሳውረውት ነው እንጂ» አሉ። ለእኛ አገር አይሆንም የተባልኩት ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ነዳሁ።

ያቺ በረመዳን የቆመችብኝ ቦታ ስንደርስ እጄ መሪው ላይ ላበው። አይተውኛል መሰለኝ። «ሁለተኛ ማርሽ አድርጊ፣ ርገጪ፣ አትፍሪ» አሉኝ። ረገጥኩ። ሳታንገራግር፣ ሳታስል፣ 180 ሊትር ውሃ ተሸክማ ወጣች። በመስታወት ወደኋላ አየሁ፣ ጭስ የለም። ጋሼ ምንም አላሉም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጥተው ድምጿን እየሰሙ ነበር።

ደሴ መግቢያ ላይ አቆሙኝና አንድ ካንዴላ ፈቱ። በጨርቅ ይዘው አሳዩኝ፤ የጠቆረው ቀርቶ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ሆኗል። «ይህን መልክ ያዢው። ከጠቆረ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ከነጣ አንሶባታል» አሉኝ። መብራቷንም እንደገና አስቆጠሩኝ፦ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። አንድ፣ ከዚያ ሁለት። «12 ካለችሽ አላመመኝም ማለቷ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጋራዥ ከመሄድሽ በፊት ራስሽ ቁጠሪ» ብለው ያቺን አጭር ሽቦ ሰጡኝ። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ሰዎች፣ አንድ ባለሙያ የሙያውን ቁልፍ ለደንበኛው ሲሰጥ አይታችኋል? እኔን እንዳልመለስ ነው ያስተማሩኝ። እንዲያውም ለዚህ ነው ዕድሜ ልኬን የምመለሰው።

ሂሳቡን ስጠይቅ የነገሩኝን ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሦስት ቀን ሰርተው የጠየቁኝ አንዱ ጋራዥ ለማጠቢያ ብቻ ያስከፈለኝን ነው። ልጨምር ስል «ወተት ስታመጪ ለሻይ የሚሆን ጣል ታደርጊያለሽ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ቤት ስነግራት እናቴ ያን ዕለት ቡና አፈላች፣ እጣን አጨሰች፣ ከአቦል እስከ በረካ ስትመርቃቸው አመሸች።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ያው መንገድ አሁን 8 ሊትር ነው የሚወስድብኝ። አንድም ቀን ወተት አልረጋብኝም። ያ የሸተተኝ ያለችው የካፌ ባለቤት ተመልሳ ደንበኛዬ ሆናለች። እህቶቼ፣ በተለይ ብቻችሁን መኪና ይዛችሁ የምትሰሩ፣ ጋራዥ በር ላይ ስትቆሙ ሆዳችሁ የሚርበተበት፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። በርጩማ ስበው ያስቀምጧችኋል፣ ፊታችሁን አይተው ያናግሯችኋል። ሞተር ቀይራችሁ መኪናዋ እንቢ ያለቻችሁ ወንድሞችም ሂዱ፣ አውጥታችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሂዱ። ኢንጄክሽኑን ነቅለን ካርቡሬተር እናድርግ የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ እሳቸውን አሳዩ።

ስትሄዱ ግን አንድ ነገር፦ አትቸኩሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሱልኝ ለሚል ሰው አይሰሩም። ከሰዓት በኋላ ውሰዷት፣ ትደር፣ ጠዋት ቀዝቃዛዋን ያስነሷታል። መቼ እንደሚብስባት አስቀድማችሁ አስቡ፣ ይጠይቋችኋል። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይቀበሉም።

ጋሼ፣ ይህን ሰው እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ከዘጠኙ ጀሪካኖችዎ ሁለቱ እኔ ጋ ቀርተዋል፣ ለካ ያን ቀን ሳወርድ ከእኔ ጋር ተቀላቅለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት አመጣቸዋለሁ። አንዱ ባዶ አይመጣም፤ የቦሩ ሜዳ ወተት ነው፣ በዚያው ጠዋት የታለበ። እናቴም ቅቤ ጠቅልላ አስቀምጣለች፣ እንቢ እንዳይሉኝ።